ቀይ ክር፣ ነጭ ክር

ገበዝ ወልደጻድቅ በሞቱ ማግስት፣ ሐሙስ ግንቦት 5 ቀን 1974 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ለቅሶተኛው ግቢውን ሞልቶት ነበር፤ አስከሬኑ ግን ገና አልተገነዘም። የቀበሌው ሊቀመንበር ሀሰኖ የመኝታ ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቶታል። ሴቶቹ ከትናንት ጀምረው ሲረግሙት አድረዋል፤ እሱ ደግሞ እርግማኑን እንደ ሹመት ቆጥሮት በር ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

መርማሪው መቶ አለቃ ነገሳ የአሰላን ዳገት እያለከለከ ወጥቶ ደረሰ። ደም ብዛት አለበት። ክኒኑን በየቀኑ እንዲውጥ ተነግሮታል፤ እሱ ግን ትዝ ሲለው ብቻ ነው የሚውጠው፣ ትዝ የሚለው ደግሞ ዳገት ላይ ነው።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ኦቦ ነገሳ» አለ ሀሰኖ በሩን እየከፈተ። «ፋርማሲስቱን ኢዶሳን ቀበሌ አሳድሬዋለሁ። የእስረኛ መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስደዋል።»

«ምን አደረገ?»

«ሽማግሌው የስኳር በሽተኛ ናቸው። መድኃኒቱን ልክ የሚወስንላቸው እሱ ነው። ትናንት በጾም፣ በባዶ ሆዳቸው መርፌ አስወጋቸውና ገደላቸው። ጴንጤ ነው፤ ስለ ሰው ጾም ምን ገዶት!»

«መጾማቸውን ማን ነገረህ?»

«ከአዲስ አበባ የመጡት ቄስ፣ አባ ኃይለየሱስ። ትናንት ቤቱ ውስጥ የዋሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ የእስላም ልጅ ብሆንም ክርስቲያን እሮብና አርብ እንደሚጾም አላጣውም።»

«ይህን ለሌላ ሰው ተናግረሃል?»

«የምርመራ ሚስጥር ነው ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም!»

ነገሳ በሊቀመንበሩ ላይ ሊቆጣ የነበረውን ቁጣ ዋጥ አደረገ። አንዳንዴ የጉረኛ ዝምታም ይጠቅማል።

ሽማግሌው በግራ ጎናቸው ተኝተዋል። ቀኝ እጃቸው ወደ ግድግዳው ተዘርግቶ ደርቋል። እጁ በሚደርስበት ቦታ ምስማር አለ፤ ከምስማሩ ላይ የተቆረጠ ሲባጎ ተንጠልጥሏል። ነገሳ አንገቱን አቅንቶ ዙሪያውን ቃኘ። በቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ አየ። በክዳኗ ላይ የሲባጎው ሌላኛው ጫፍ ታስሯል።

ጎንበስ ብሎ የሟቹን ፊት አጠገቡ አየው። በነጩ ጢማቸው ውስጥ አንዲት ቢጫ ፍርፋሪ ተሰክታለች። በጥፍሩ አንስቶ አሸተታት፤ እንቁላል ነች።

ከዚያ ገላቸውን በጥንቃቄ መረመረ። በግራ ታፋቸው ላይ አንድ የመርፌ ምልክት አለ። በቀኝ ክንዳቸው ላይ ደግሞ ሁለት፣ የበለዙ።

በመስኮቱ ደፍ ላይ የመድኃኒቱ ዕቃ ተደርድሯል። እርጥብ አሸዋ በያዘ ገንቦ ውስጥ የኢንሱሊኑ ብልቃጥ ተቀብሯል፤ ፍሪጅ በሌለበት ቤት መድኃኒቱ እንዳይበላሽ የተደረገ ዘዴ ነው። በብልቃጡ ጎን የተለጠፈች ወረቀት ላይ በየቀኑ መድኃኒቱ የት መድረስ እንዳለበት ተሰምሯል። ፈሳሹ በትክክል ረቡዕ የሚለው መስመር ላይ ቆሟል። የመስታወት መርፌዎቹ ሁለት ናቸው፤ በአንደኛው መግፊያ ላይ ቀይ ክር፣ በሌላኛው ላይ ነጭ ክር ታስሯል። ባለ ቀዩ ታጥቦ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ባለ ነጩ ከታሸገበት ፋሻ ወጥቶ ያገለገለ ዕቃ የሚቀመጥበት ሳህን ላይ ተጋድሟል። ፋሻውን ያሸገው ፕላስተር ላይ «ሚያዝያ 10» ተብሎ ተጽፏል።

በግድግዳው ላይ አንድ ካርድ ተሰቅሏል። ለእያንዳንዱ ቀን ትንሽ ሳጥን ተሥሎለታል። መጋቢት ሙሉውን ነጭ ነው። ከሚያዝያ 10 ወዲህ ያሉት ሳጥኖች ሁሉ በእርሳስ ቀይ ተቀልመዋል።

ነገሳ ካርዱ ፊት ረጅም ጊዜ ቆመ። ሀሰኖ ሰለቸውና አዛጋ።

የሟቹ የእህት ልጅ ፋናዬ ጎረቤት ቤት ተቀምጣ ነበር፤ ሀያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። አጎቷን ላለፉት አራት ዓመታት ያስታመመችው እሷ ናት።

«ትናንት የሆነውን ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«አንድ ሰዓት ላይ ወጋኋቸው። ቁርሳቸውን አበላኋቸው። አውቶቡስ ይዤ ሁሩታ ገበያ ሄድኩ። አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ...»

«በየትኛው መርፌ ወጋሻቸው?»

«በቀዩ ነዋ!» አለች፣ ጥያቄው ሞኝነት እንደሆነባት ሰው።

«የት ላይ?»

«ግራ ታፋቸው ላይ። ጋሽ ኢዶሳ በየቀኑ ቦታ ቀይሪ ብሎ ጽፎልኛል።»

«ሁለቱ ክሮች ምንድን ናቸው?»

«የመርፌው መስመር ደቃቅ ነው፣ ለዓይን ያስቸግራል። ስለዚህ ክሩ እስኪታይ ብቻ እስባለሁ። ቀዩ ለሚበሉበት ቀን ሙሉ ልክ ነው። ነጩ ለጾም ግማሽ ነው። አባባ ጾም አልተውም ብለው ከሐኪሙ ጋር ተጣሉ፤ ጋሽ ኢዶሳ ግን አልተጣላቸውም። ከመዘምራን ጋር ተቀምጦ ዘዴ ፈለገላቸው።»

«ቁርስ ምን በሉ?»

«እንቁላል በቅቤ።»

ነገሳ ደብተሩ ላይ አንዲት መስመር ጻፈና፦

«ከተማው የሚያወራለት መጽሐፍስ?» አላት።

ፋናዬ ፊቷን ጠርጋ ነገረችው። የጨፌ ማርያም የብራና መጽሐፍ ነበር፤ ከጢቾ ወዲያ ያለች ገጠር ቤተ ክርስቲያን ሀብት፣ ባለ ሥዕል። በጣሊያን ጊዜ ከዕቃ ቤቷ ወጥቶ ባሕር ተሻገረ። ወልደጻድቅ የዚያ ጊዜ ወጣት ዲያቆን ነበሩ፤ ኋላ ገበዝ ሆነው የደብሩን ንብረት ሲጠብቁ ኖሩ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ሰው ሲልኩ ቆዩ። በመጨረሻ የወሰደው መኮንን ልጅ፣ አባቷ ሲሞት፣ መጽሐፉን በሰው እጅ መለሰችላቸው። የፊታችን ቅዳሜ በምእመናን ፊት ሊያስረክቡ ቀጠሮ ነበራቸው።

«የት እንዳስቀመጡት አላውቅም። አሁን አልነግርሽም፣ ቅዳሜ ታዪዋለሽ አሉኝ። ማክሰኞ ማታ ቄሱ ለእኔ ያስረክቡኝ ቢሏቸው እምቢ አሉ። የባላባቱ ልጅ ጋሽ አሰግድም መጥቶ ጮኸባቸው። ሁሉም ባሉበት ነው ጋሽ ኢዶሳ የሳምንቱን መድኃኒት አምጥቶ ክሩንም፣ የብልቃጡን መስመርም፣ ከረሜላውንም ያስረዳኝ።»

«ከረሜላው ለምንድን ነው?»

«ስኳራቸው ሲወርድ ይንቀጠቀጣሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ፈልገው እንዳያጡት ከምስማሩ ጋር ታስሯል። እጃቸውን ከዘረጉ ያገኙታል።»

ነገሳ የተዘረጋውን እጅ አስታወሰ። ሃያ ዓመት ሬሳ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፣ ይህ ግን አንገበገበው።

አባ ኃይለየሱስ ሳሎን ውስጥ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ረጅም፣ ድምፀ መልካም ሰው ናቸው። የሀገረ ስብከት ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ሳይጠየቁ አወጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔ ቅርሱን ተረክቤ እንዳደርስ ነው የተላክሁት፣ ይኸው ሐዘን ላይ ደረስኩ።»

«ገበዙ ትናንት ምን በሉ?»

«ኧረ ምንም! እሮብ አልነበር? ጸሎታቸውን አድርሰው ጋደም አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምሱም። ልጅቷ ያንን ነጩን፣ የጾም የሚሉትን፣ ወግታቸው ሄደች። ልጅቷን አልወቅስም፤ የተባለችውን ነው ያደረገች። ልኩን የሰጣት ሰው ግን...» ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እርስዎስ አባቴ?»

«እኔም በጾሜ ነበርኩ። ስወጣ ስገባ የተኙ መስሎኝ አልቀሰቀስኳቸውም።»

«መጽሐፉን አይተውታል?»

«አላሳዩኝም» አሉ። ፈገግታቸው ለአንዲት ቅጽበት ጠፍታ ተመለሰች።

ነገሳ አመስግኖ ወጣ፤ ከደጅ ያለውን ፖሊስ በጆሮው አንድ ነገር ነግሮ ወደ ስልክ ላከው። ከቄሱና ከልጅቷ አንዳቸው እየዋሹ ነው። ልጅቷ ከሟቹ ጋር ብቻዋን ትኖራለች፣ መርፌውን የያዘች እሷ ናት። መስቀል የጨበጠን ሰው ትቶ እሷን ማመን ለየትኛውም ፍርድ ቤት ከባድ ነው።

አሰግድ የድሮው ባላባት ልጅ ነው፤ መሬቱ ከተወረሰ ወዲህ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል፣ ቁጣውን ግን ማንም አልወረሰበትም።

«አዎ ጮኽኩባቸው!» አለ ሳይቀመጥ። «መጽሐፉን ለጣሊያኑ የሰጠው አባትህ ነው፣ ቅዳሜ በአደባባይ እናገራለሁ አሉኝ። የሞተ ሰው ስም ማጥፋት ምን ይባላል?»

«እውነት ነው ወይ?»

አሰግድ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «እንደዚያ ይላሉ» አለ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ትናንት የት ዋልክ?»

«ቤቴ፣ ከጓደኞቼ ጋር። በግ አርደን ጥሬውንም ጥብሱንም ስንበላ ዋልን። አምስት ምስክር አለኝ።»

«በጉን ማን አረደው?» አለ ነገሳ።

«እኔው ነኝ! ምን ያገናኘዋል?»

«ምንም» አለና ጻፈው።

ኢዶሳ ቱሳ በቀበሌው እስር ክፍል ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ነገሳ ሲገባ ስለ ራሱ አልጠየቀም።

«ከበደች ዛሬ ተወግታለች? የገበያው ጀርባ ያለችው። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ራሷን መውጋት አትችልም፣ ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የምወጋት። አንተስ ክኒንህን ዋጥክ?»

«እኔን ተወኝ። ሰው ሞቶብሃል።»

ኢዶሳ አንገቱን ደፋ። «አውቃለሁ። እንደ አባቴ ነበሩ።»

ነገሳ ብልቃጡን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ኢዶሳ ወደ ብርሃኑ አንስቶ ነቀነቀው፤ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ይኼ የእኔ መድኃኒት አይደለም። ማለቴ፣ ነው፣ ግን ቀጥኗል። ሲነቀነቅ እንደ ወተት መሆን ነበረበት። ይኼ የሩዝ እጣቢ ነው። ውኃ ተጨምሮበታል።»

«ስንት ቢወጣለት ነው እንዲህ የሚቀጥነው?»

«ቢያንስ መርፌው ጢም ተደርጎ ሁለት ጊዜ። ያ ሁሉ ሰው ውስጥ ከገባ...» ብልቃጡን መለሰ። «ቁርስ አላዳናቸውም ማለት ነው።»

«መጽሐፉ የት ነው?»

ኢዶሳ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«ኢዶሳ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። ከሄድክ እኔ አልደርስልህም። የዚህን ከተማ በሽተኛ ማን ይይዘዋል?»

«እስከ ቅዳሜ ለማንም አልናገርም ብያለሁ። ቃሌን የሰጠሁት ሰው ሞተ ብዬ ቃሌን ላፍርስ?»

ነገሳ ተናደደ። ንጹሕ ሰው ራሱን ለመርዳት እምቢ ሲል የሚያናድደውን ያህል ወንጀለኛ አያናድድም። ግን ንጹሕ ለመሆኑስ ማን ነገረው? ከሀሰኖ ጋር ወደ ፋርማሲው ሄዱ። ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ፣ ጥጥ ከተጠቀጠቀበት ካርቶን ሥር፣ በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ወጣ። የእንጨት ገበታ፣ ብራና፣ ሰፊ ዓይን ያላት የማርያም ሥዕል።

«አላልኩም!» ሀሰኖ ዘለለ። «ገድሎ ሰረቀ! ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ነገሳ ሻሹን ሲያራግፍ የታጠፈች ወረቀት ወደቀች። አንስቶ አነበባት። ጽሕፈቱ ትልልቅና የተንጋደደ ነበር። ወረቀቷን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት።

«ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ገበዙ ቤት ሰብስብልኝ» አለ። «ኢዶሳንም አምጣው።»

ሳሎኑ ጠበበ። ፋናዬ ከበሩ አጠገብ፣ አሰግድ መስኮቱን ተደግፎ፣ አባ ኃይለየሱስ በወንበር፣ ኢዶሳ በሁለት ሚሊሽያ መካከል። ለቅሶተኛ ሴቶች በር ላይ ተደራርበዋል። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የቄሱ ዓይን ከእሱ ላይ አልነሳ ብሏል።

«ገበዝ ወልደጻድቅ በስህተት ሞቱ ተባልኩ» ብሎ ጀመረ ነገሳ። «ስህተት ግን ከረሜላ አያሸሽም። የታሰረው ቆርቆሮ ተቆርጦ ቁምሳጥን አናት ላይ ተሰቅሏል። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ባዶ ምስማር እየዳበሱ ነው የሞቱት።»

ፋናዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ቀጥሎ፣ ታፋቸው ላይ አንድ የመርፌ ምልክት አለ፤ የልጅቷ ነው። ክንዳቸው ላይ ግን ሌላ ሁለት አለ። ብልቃጡ ላይ የተሰመረውን የሚያውቅ ሰው መድኃኒቱን አውጥቶ በውኃ እስከ መስመሩ ሞላው። መስመሩን የሚያውቁት ማክሰኞ ማታ እዚህ የነበሩት ናቸው፤ አራታችሁ።»

«ከአራታችን አንዱ መጽሐፉን የሰረቀው ነዋ!» አለ አሰግድ ወደ ኢዶሳ እያመለከተ።

«እደርስበታለሁ። አሁን መርፌዎቹን እዩ። ያገለገለው ባለ ነጩ ነው፤ የጾም መርፌ። ባለ ቀዩ ሳጥኑ ውስጥ ታጥቦ ተቀምጧል። ይህን ያየ ሰው፣ ትናንት ጾም ነበር፣ ገበዙ የጾሙን ልክ ተወግተው በባዶ ሆድ ሞቱ፣ ልኩን የወሰነው ኢዶሳ ነው ጥፋተኛው ይላል። ሀሰኖም እንደዚያው አለ። አሰግድ፣ ትናንት ምን ስበላ ዋልኩ አልከኝ?»

«ሥጋ። ነገርኩህ እኮ።»

«ክርስቲያን አይደለህም? በእሮብ?»

አሰግድ በመገረም አየው። «ሃምሳ እኮ ነው! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ እሮብና አርብ ጾም የለም። ይህን የማያውቅ አለ?»

በር ላይ ያሉት ሴቶች አጉረመረሙ። ሀሰኖ ወደ ቄሱ ዞረ።

«ሀሰኖ ባያውቅ አይፈረድበትም» አለ ነገሳ። «እኔም ረስቼው ነበር፤ እናቴ ጠጂቱ በሃምሳ እሮብ ሥጋ ትሠራልን የነበረው ትዝ ያለኝ ካርዱን ሳይ ነው። ካርዱ ከፋሲካ ቀን፣ ከሚያዝያ 10 ወዲህ ሙሉውን ቀይ ነው። ነጩም መርፌ በዚያው ቀን ነው የታሸገው። ታዲያ ትናንት ነጩ መርፌ ማገልገል ነበረበት ብሎ የሚያስብ ማን ነው? ፋናዬ? በገዛ እጇ እንቁላል በቅቤ ያበላቻቸው፤ ጢማቸው ላይ አግኝቼዋለሁ። አሰግድ? በግ ሲያርድ የዋለው። ኢዶሳ? ካርዱን የቀለመው እሱ ነው።» ዞር አለ። «አባ፣ ትናንት ምን ቀን ነበር?»

«እ... እሮብ ነዋ» አሉ አባ ኃይለየሱስ።

«ሌላ ስም የለውም?»

መስቀሉ በጣቶቻቸው መሃል ይሽከረከራል።

«ርክበ ካህናት ነበር!» አለች ፋናዬ። «የካህናቱ የመሰብሰቢያ ቀን! አባባ ጠዋት እየወጋኋቸው ነግረውኛል። የሀገረ ስብከት ቄስ እንዴት ይህ ይጠፋዋል?»

«ቄስ ስላልሆነ» አለ ነገሳ። «ስልክ አስደውዬ ነበር። ሀገረ ስብከቱ እንዲህ የሚባል ሰው አያውቅም። መጽሐፉ መመለሱን የነገረው ሰው አለ፤ መጽሐፉ እንዲጠፋ የሚፈልግ ሰው። አሰግድ፣ ስለ መጽሐፉ ለማን ነበር የነገርከው?»

የአሰግድ ፊት አመድ መሰለ። «አዲስ አበባ ላለ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ። ገዝቶ እንዲያጠፋልኝ ፈልጌ ነበር... የአባቴ ስም እንዳይነሳ ብዬ። ሰው ይገድላል ብዬ በምን ልገምት!»

ሰውየው ተነሳ። ሚሊሽያዎቹ ኢዶሳን ትተው ያዙት። ያ መልካም ድምፁ አብሮት የለም፤ ሻካራ ሆኗል።

«እስከ ቅዳሜ ቢቆዩ መጽሐፉ እጄ አይገባም ነበር። የቀረውን እንድወጋዎት ልጅቷ ነግራኛለች አልኳቸው። መስቀሉን ተሳልመው ክንዳቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ቤቱን ሁሉ በረበርኩ፤ የለም!»

በር ላይ አንዲት ሴት እሪ አለች። ፋናዬ ግን አላለቀሰችም፤ ሰውየውን ብቻ አየችው።

«ፋርማሲው ውስጥ የተገኘውስ?» አለ ሀሰኖ፣ ባነሰ ድምፅ።

ነገሳ ወረቀቷን አውጥቶ አነበበ፦ «ይህን መጽሐፍ ለኢዶሳ ቱሳ በአደራ የሰጠሁት እኔ ወልደጻድቅ ነኝ።» ሌላም መስመር ነበር፤ እሱን ሳያነብ አጥፎ ለፋናዬ ሰጣት።

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የእስረኛው መኪና ባዶውን አልተመለሰም።

ኢዶሳ እጁን ከፈቱለት ወዲህ ሰዓቱን እያየ ነበር። ሀሰኖ ይቅርታ ሊጠይቀው አፉን ሲከፍት «በኋላ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ በኋላ» ብሎት ወደ ገበያው ጀርባ ሮጠ። ከበደችን ከደጃፏ ላይ ጭንቅላቷን ይዛ አገኛት። ደርሶላታል።

ቅዳሜ ጠዋት ፋናዬ መጽሐፉን በሻሽ አቅፋ፣ ኢዶሳና ነገሳ ከኋላዋ ሆነው ጨፌ ማርያም ደረሱ። ደወል ተደወለ፣ እልልታው ተራራውን ሞላው። ኢዶሳ ከቅጥሩ በር ውጭ ቀረ። እምነቱ ሌላ ነው፤ ማንንም ማስቀየም አልፈለገም። አሰግድ ከሕዝቡ ጀርባ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ የአባቱን ነገር በራሱ አፍ ሊናገር ነው የመጣው።

አሮጌው የደብሩ አለቃ የሟቹን ወረቀት ተቀብለው እስከ መጨረሻው፣ ፋናዬ ብቻ ያነበበችውን መስመር ጭምር፣ ጮክ ብለው አነበቡ፦

«ይህን መጽሐፍ ለኢዶሳ ቱሳ በአደራ የሰጠሁት እኔ ወልደጻድቅ ነኝ። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ጾሜን የሚቆጥርልኝ እሱ ነውና፣ ቀን ሳይጥልብኝ ቆጥሯልና፣ መጽሐፉንም አይጥለውም።»

አለቃው ወረቀቱን አጥፈው በሕዝቡ መሃል ወደ በሩ ሄዱ። ሁሉም መንገድ ለቀቀላቸው።

«ልጄ» አሉት ኢዶሳን፣ እጁን ይዘው፣ «ጫማህን አውልቅና ግባ።»

ኢዶሳ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። ነገሳ ከጎኑ ቆሞ ከኪሱ ክኒን አወጣ፤ ማንም ሳያስታውሰው ዋጠው።